የቶማሽ ሽኝት

ከፖላንድ በሞተር ሳይክል የመጣው ቶማሽ ደብረ ማርቆስ እኛ ቤት አደረ። ጠዋት ሊነሳ ሲል እናቴ እጁን ይዛ፣ «ሳትበላማ አትሄድም፤ በሞቴ» አለችው። አማርኛ ባይሰማም ሳቀና ተቀመጠ።

ከበላ በኋላ እኔና ጓደኛዬ አበባው በየሞተራችን ሸኘነው። በእኛ አገር ሸኚ የሚመለሰው እንግዳው ራሱ «በቃ ተመለሱ» ሲል ነው። ቶማሽ ይህን አያውቅም፤ «አሰናብተን» ማለት ደግሞ ነውር ነው። ደምበጫን አለፍን። ቀጥሎ ጅጋ መምጣት ነበረበት፤ የመጣው ግን እንደገና ደምበጫ ነው። መንገድ ዳር ፈረሷን የምታጠጣው ሴትዮ ቅድም ካየናት ቦታ ቆማለች፤ ፈረሱ እየጠጣ ባልዲው አልጎደለም።

ለሦስተኛ ጊዜ ደምበጫ ስንገባ የአበባው ፊት አመድ መሰለ። «ሚስቴ ትጠብቀኛለች፤ ነውርም ቢሆን እንመለስ» አለኝ። ሞተራችንን አዞርን። ከፊታችን ያው ደምበጫ፣ ያቺው ሴትዮ፣ ከእሷም አለፍ ብሎ የቶማሽ ጀርባ።

ክላክስ አድርገን አስቆምነው። «ተመለሱ፤ ይህቺን ቃል ብቻ በላት» ብዬ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ለመንኩት።

ሄልሜቱን አወለቀና እጄን ያዘኝ።

«ሳትበሉማ አትሄዱም» አለ፣ በእናቴ ድምፅ። «በሞቴ።»