ስድስት ባዶ ዲስኮች

የኮምፒውተር ባለሙያው የከተማዋን የልደት መዝገብ የያዘው ሰርቨር አዲሱን የዲስክ መቆጣጠሪያ እንዲያውቀው ድራይቨር የሚባለውን ፕሮግራም ሲያስተካክል አረፈደ። ማሽኑ «ዲስኮቹ እንደ አዲስ ይዘጋጁ?» ሲለው የተለመደ ጥያቄ መስሎት «አዎ» አለ። ስድስቱም ዲስኮች ባዶ ሆነው ታዩ።

ደግነቱ የወረቀት መዝገቡ አለ ብሎ ወደ መዝገብ ቤት ኃላፊዋ ሮጠ።

«እትዬ የሺመቤት፣ የድሮዎቹ መዝገቦች ያስፈልጉኛል።»

«ባለፈው ሐሙስ ተቃጠሉ እኮ።»

«ማን ፈቅዶ?»

ወይዘሮ የሺመቤት ቃለ ጉባኤውን አውጥተው ዘረጉለት። «መረጃው በሙሉ ኮምፒውተር ውስጥ ስለሚገኝ መዝገቦቹ ይወገዱ» ይላል። ከሥሩ አራት ፊርማዎች ተደርድረዋል። ሦስተኛው፣ ኮሪደር ላይ ይዘውለት ሲመጡ ግድግዳ አስደግፎ ሳያነብ የፈረመው፣ የራሱ ነው።