የወይዘሮ ደብሪቱ ቁጣ

ወይዘሮ ደብሪቱ ሲቆጡ እንኳን ሰው፣ የሦስት ቀበሌ ውሻ ይደበቃል። ዛሬ የባሰባቸው ልጃቸው ህሊና «ጡቴ ላይ ሽንብራ የምታክል እብጠት ዳሰስኩ» ብላ፣ ከሚቀነጥሱት በርበሬ አስነስታ ሐኪም ቤት ስለጎተተቻቸው ነው።

ሐኪሟ ህሊናን አልጋው ላይ አስተኝታ በደንብ መረመረቻት፤ በማሽንም አየቻት።

«ውሃ የቋጠረ ነው፣ አያሰጋም። ግን እንኳን ቶሎ መጣሽ።»

«እንኳን መጣሽ?» ደብሪቱ ጠረጴዛውን በጡጫ ነረቱት። «ለዚህች ብለሽ ነው አገር ያመስሽው? ልፍስፍስ! እኔ እናትሽ ሎሚ የሚያህል እብጠት ጡቴ ላይ ተሸክሜ፣ ቅቤ እየቀባሁ ይኸው ሦስት ዓመቴ! ትንፍሽ ያልኩበት ቀን አለ?»

ህሊና ሸሚዟን ሳትቆልፍ ከአልጋው ወርዳ ቦታውን ለቀቀችላቸው።