የመኪናው ሕመም

በዚያ ዘመን መኪና ሲጎዳ ሹፌሩንም ያመው ነበር። ሰው ተጠንቅቆ እንዲነዳ ተብሎ በወጣ ሕግ ሹፌር ሁሉ አምባር ያጠልቃል፤ የመኪናው ሆድ ድንጋይ ሲመታ አምባሩ ሕመሙን ላጠለቀው ሰው ገላ ያደርሰዋል።

አዋላጇ ምንትዋብ ከአስፋልት ውጭ መንዳት የምትማረው ከባሏ ከልዑልሰገድ ነበር። ከወንዙ ማዶ ያሉ እናቶች ምጥ ሲይዛቸው የሚደርስላቸው ሰው አልነበረም። ገና ሲጀምሩ "አምባሩስ?" ብላ ብትጠይቀው፣ "ለለማጅ አያስፈልግም" አላት። አመነችው። ከዚያ በኋላ ስንቱን ቋጥኝ በመኪናው ሆድ ገጨች!

አንድ ጠዋት ልዑልሰገድ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ማለት አቃተው። ወገቡን ይዞ ቀረ። ልታነሳው እጁን ስትይዝ ከእጅጌው ሥር አምባሩን አገኘችው። ከእሱ እጅ አውልቃ በራሷ አጠለቀችው።

ያን ቀን ወንዙ ዳር ሲደርሱ መኪናውን አቆመች። ወርዳ ውኃውን በእግሯ ገባችበትና የሚያልፉበትን መስመር ለየች። የጎማዎቹን ንፋስ ቀነስ አደረገች፤ ከዚያ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብላ ነዳች። መሃል ላይ አንድ ድንጋይ የመኪናውን ሆድ ፋቀው። "እናቴ!" ብላ ጮኸች፤ መሪውን ግን አልለቀቀችም። ማዶ ወጡ።

"እንዲህ እያመመህ ነው 'ጎበዝ' ስትለኝ የከረምከው?" አለችው።

"ጎበዝ ነበርሽ እኮ!" አላት።