ትንሽ ታገሺ

የኤልዳና የጥርስ ሽቦ ሲወልቅ፣ ሐኪሟ ጥርሶቿ ተመልሰው እንዳይዛነፉ የሚይዝ ስስ ፕላስቲክ ሠራችላት። "ከምግብ ሰዓት በቀር አይውለቅ፤ በየቀኑም በደንብ ይታጠብ" አለችኝ።

አምና ልጄን ታይፎይድ ጥሏት ከከረመ ወዲህ እኛ ቤት ሳይፈላ ወደ አፍ የሚገባ ውኃ የለም። ፕላስቲኩንም ጠዋት ጠዋት ከማንቆርቆሪያው የሚንተከተክ ውኃ እያፈሰስኩ አጥበው ነበር።

"አባዬ፣ ያመኛል" ትለኛለች።

"ትንሽ ታገሺ የኔ እናት፤ ለራስሽ ብዬ እኮ ነው።"

በአውራ ጣቴ ተጭኜ አስገባዋለሁ። እንባዋ እጄ ላይ ይንጠባጠባል። ሌላ ምን ላድርግ?

በሦስተኛው ሳምንት ድዷ ሲደማ ይዣት ሮጥኩ። ሐኪሟ ፕላስቲኩን አገላብጣ አየችውና ፊቷ ተለዋወጠ።

"ይሄን እኮ ሙቀት አጣሞታል! ጥርሷን ሲገፋ የከረመው እሱ ነው። ማነው በፈላ ውኃ ያጠበው?"

አውራ ጣቴን መዳፌ ውስጥ ሸሸግኩት።

ኤልዳና አንዴ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሐኪሟ ዞረች።

"እኔ ነኝ" አለች። "አባዬማ ተዪ ብሎኝ ነበር።"