ሞት እንዲንቀው የወጣ ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የመምህር ብሩኖን ስም ያወጣው መልአክ ግን ምን ነክቶት እንደነበር እንጃ!

ደብረ ታቦር ገበያ መሃል «ሞላ!» ብሎ የተጣራ ሰው ስንቱን አንገት ያዞራል። ብሩኖ የሚባል ግን እሱ ብቻ ነበር። በንጉሡ ጊዜ ጎንደር ያገኘው ጣሊያን መካኒክ «ብሩኖ ባገራችን እንደናንተ ሞላ የበዛ ስም ነው፤ ትርጉሙም ጠይም ማለት ነው» ቢለው፣ እውነትም ጠይም ነውና ሳቀ።

በደርግ ዘመን ሳቁ ቀረ። የቀበሌው ሊቀ መንበር እሸቴ አስይዞ አሰረው። እሸቴ የይፋግ አብሮ አደጉ ነው፤ ቀይ፣ ቁጡ፣ ገና ሳይወለድ አባቱ በአርበኝነት እንደወደቀ ሳይናገር ስብሰባ የማይከፍት።

«የጣሊያን ዲቃላ የአብዮቱን ልጆች አያስተምርም» አለው። «ስሙን ማን አወጣልህ?»

«እናቴ።»

«ለምን?»

ብሩኖ አያውቅም። በጠየቃት ቁጥር «በሕይወት አለህ አይደል? ዝም በል!» ትለው ነበር። አብረውት ታስረው የነበሩ ሁለት ሰዎች ተጠርተው ወጡ፤ አልተመለሱም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ስሙ የሚጠራ ይመስለዋል። ስም ሸሚዝ አይደል፣ አውልቆ አይጥለው!

ጣራ ገዳም የመነኮሱት እናቱ፣ እማሆይ ትርንጎ፣ ወሬው ደርሷቸው መጡ። እሸቴ ብሩኖን አስመጥቶ፣ እሳቸውን በጥበቃዎቹ ፊት አቆማቸው።

«እየወለድሁ ቀበርሁ» አሉ። «ልጅ አላድግ ሲል፣ ሞት እንዲንቀው የተጠላ ስም ይወጣለታል። እኔም ከዚያ ከጣሊያኑ ሹም የባሰ የተጠላ አጣሁ። አባቱማ ባሌ ደሞዜ ነው፤ መልኩን እይ እንጂ!»

ጥበቃዎቹ እውነት ነው በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ብሩኖ እፎይ አለ። «የኔ እናት!» ብሎ ሊስማቸው ሲል እሸቴ ገፋው።

«ቆይ! ብሩኖ የሚባል ጣሊያን ይፋግ ነበር ማለት ነው። ልጅ ወልዷል?»

እማሆይ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ።

«ወልዷል ወይ?»

«ተወው ልጄ፣ በማርያም! እንዳልናገር ለልጁ እናት ምዬላታለሁ።»

«ሰማችሁ? አለ ማለት ነው!» አለ ወደ ጥበቃዎቹ ዞሮ። «እማሆይ፣ ይጠቁሙና ልጅዎን ይውሰዱ። አለዚያ እነዚያ የሄዱበት ዛሬውኑ ይሄዳል።»

ጥበቃዎቹ ጠመንጃቸውን አስተካከሉ። እማሆይ የልጃቸውን የታሰረ እጅ አይተው እንባቸው ወረደ።

«እናትህን ነፍስ ይማር፤ የጣሊያኑ ልጅ አንተ ነህ፣ እሸቴ።»