የደምለው ድንጋይ

ደምለው በሐሰት መስክሮ ከአባቴ ቤት አስነቀለኝ። ውሸቱ ተጋልጦ ብከሰውም፣ ፍርድ ቤቱ ጭንቅላቱን በመሣሪያ አስመርምሮ «ሌላ ማድረግ አይችልም ነበር» ብሎ ለቀቀው። መሣሪያው ሰው ምንም ነገር ወዶ እንደማያደርግ ስላረጋገጠ፣ በአዲሱ ሕግ ጥፋተኛ የሚባል ሰው ቀርቷል። ደምለው በር ላይ ጠብቆኝ፣ «ሰማህ ይርዳው? ወድጄ አይደለም!» ብሎ ሳቀብኝ።

ትናንት ከስቶ፣ ጠቁሮ መጣ። እንደ ድሮ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ደጄ ላይ ተንበረከከ። ይቅር ሲለው ድንጋዩን የሚያወርድለት ተበዳዩ ነው።

«ይቅር በለኝ፤ ሳልታረቅ አልሙት።»

«ምን አጠፋህና?»

«አውቄ ነው የዋሸሁብህ!»

«ኧረ ተው! ከመሣሪያው ልትበልጥ ነው?»

«እንግዲያው ስደበኝ፣ ምታኝ!»

«ንጹሕ ሰው አይመታም።»

አንገቱ እየተንቀጠቀጠ ብዙ ጠበቀኝ። አላወረድኩለትም።

«ጨካኝ!» አለኝ በመጨረሻ።

«ወድጄ አይደለም» አልኩት።

ድንጋዩን ጥሎ እያለቀሰ ሄደ። እኔም አንሥቼ ንፋስ የሚያስቸግረው የውሃ በርሜላችን ክዳን ላይ ጫንኩት።

ዛሬ ጠዋት ሚስቴ ውሃ ልትቀዳ ስትል ድንጋዩ ከበዳት።

«ይሄን የሚያህል ማን አመጣው?»

«ማንም» አልኳት። «ራሱ ነው የመጣው።»