ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ

ጡረተኛው ሹፌር ሳፋው ላይ ሲያጎነብስ ክው አለ። ባትሪው ዝገቱን እንዲያስለቅቅለት ጠዋት በሽቦ አያይዞ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ የነከረው የአሮጌ መኪናው የበር ማጠፊያ ጭራሽ ብሶበት ነበር። በማጠፊያው ፈንታ ይበላ ብሎ፣ ሚስቱን ሳያስፈቅድ ከጎኑ የነከረው የዛገ መኮትኮቻዋ ግን ከአዲስ አይለይም።

"ሽቦዎቹን አገላብጬ አሰርኳቸው ማለት ነው? ወይ እርጅና!" አለ ጭንቅላቱን ይዞ።

"እሰይ የኔ ጌታ!" አለች ሚስቱ መኮትኮቻዋን ከውሃው ብድግ አድርጋ። "ሦስት ዓመት አጽዳልኝ ስልህ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለህ!"

"እኔማ ጥቁሩን..."

"ጥቁሩ ለሚጸዳው፣ ቀዩ ለሚበላው። ሳምንቱን ሙሉ ስትሰብከኝ የማልሰማህ መስሎህ ነበር? ገና ጀርባህን ስትሰጥ ነው ያቀያየርኳቸው።"

ሹፌሩ ሳቁ አመለጠው። እሷ የአጥሩን ስባሪ ብረት ሳፋው ውስጥ ከተተችና ቀዩን ሽቦ እሱ ላይ፣ ጥቁሩን ማጠፊያው ላይ አሰረችለት።

"በል፣ አሁን የመኪናህ ተራ ነው።"